ያገለገለ ትንሽ የጭነት መኪና ስለ መግዛትና የምርመራ መዝገቡን ስለ ማንበብ የተሰጠ ትምህርት

በገበያ ቀን በቅሎ የሚገዛ ሰው በዚያች ሰዓት በዓይኑ የሚያየውን ብቻ አምኖ ገንዘቡን አይከፍልም። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ጀርባዋን ዳብሶ የኮርቻ ቍስል እንዳለባት ይመረምራል፤ ጥቂት አስኪዶ እግሯን ያያል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ደግሞ የሻጩን ጎረቤቶች «ይህች በቅሎ ባለፈው ክረምት እንዴት ነበረች?» ብሎ ይጠይቃል። በገበያ ቀን ታጥባና ገብስ ጠግባ የቀረበች በቅሎ ሁሉ መልካም መስላ እንደምትታይ ያውቃልና። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ በሄደ ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ የዓመቱን የምርመራ ወረቀት በእጁ ይዞ «ተመርምሮ አልፏልና ደኅና ነው» ይልና ገንዘቡን ይቈጥራል።

ይህ ስሕተት ትንሽ አይደለም። ጧት የታለበ ወተት በመንገድ ላይ ቆሞ ከዋለ ይኮመጥጣል፤ አትክልቱ ይጠወልጋል፤ ለዘር የተላከው እህል በዝናብ ይረጥባል። ይህ የገንዘብ ጉዳት ነው። ጭነት የያዘ መኪና በቁልቁለት መንገድ ላይ ፍሬኑ ቢከዳ ግን የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው። ስለዚህ በእጃቸው የሕዝብ ገንዘብና የእርሻ ንብረት ያለባቸው ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች፤ የምርመራ ወረቀት ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ለይተው ያውቁ ዘንድ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፤ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተነገረ በቀር፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ትምህርቱን ከእንግሊዝ አገር የወሰድንበት ምክንያት

መኪናን በየጊዜው መመርመር በብዙ መንግሥታት የተለመደ ሥራ ነው። የታላቋን ብሪታንያ ምርመራ ለምሳሌ የመረጥነው ግን፤ በዚያ አገር ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የእያንዳንዱ መኪና የምርመራ ውጤት በመዝገብ ተጠብቆ፤ የሰሌዳውን ቍጥር የሚያውቅ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበው ስለሚችል ነው። በመዝገቡ የሚጻፈው ማለፉ ብቻ አይደለም፤ መውደቁም፣ የወደቀበትም ምክንያት፣ መርማሪው የሰጠው ማሳሰቢያም፣ በዚያን ቀን የተነበበው የርቀት መጠንም አብሮ ይጻፋል። እንዲህ ያለ የተገለጠ መዝገብ ባለበት አገር የመኪናን ጠባይ ማጥናት ይቀላል።

ይህ ምርመራ የተዠመረው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ኧርነስት ማርፕልስ ነበሩ፤ ምርመራውም እስከ ዛሬ ድረስ በሚኒስቴሩ ስም መዠመሪያ ፊደላት «ኤም ኦ ቲ» እየተባለ ይጠራል። በመዠመሪያ የሚመረመሩት ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ መኪናዎች ብቻ ነበሩ፤ የሚታየውም ፍሬናቸው፣ መብራታቸውና መሪያቸው ነበር። ነገር ግን ከተመረመሩት ውስጥ የወደቁት እጅግ የበዙ ስለ ሆኑ፤ በ1961 ዓ.ም. የዕድሜው ወሰን ወደ 7 ዓመት፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 3 ዓመት ዝቅ ተደረገ። ስለዚህ በታላቋ ብሪታንያ ትንሽ የጭነት መኪና በ3ኛው ዓመት መዠመሪያ ይመረመራል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይመረመራል።

፪ኛ፤ መርማሪው የሚያየው ነገር

ፈረንጆች «ቫን» የሚሉት፤ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ቦታ በቆርቆሮ የተዘጋና ለዕቃ ብቻ የተዘጋጀ መኪና ነው። ትንሹ ቫን በመልኩ የቤት መኪናን ይመስላል፤ የሚሠራው ሥራ ግን የአጋሰስ ሥራ ነው። ባለቤቱ ዘወትር ይጭነዋል፤ በየደጁ እያቆመ ያስነሣዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚነዳው የተቀጠረ ሰው እንጂ ባለ ንብረቱ አይደለም። ስለዚህ እኩል ዕድሜ ካለው የቤት መኪና ይልቅ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሞላው ቶሎ ያልቃል።

የእንግሊዙ መርማሪ ከሚያያቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጎማ። የጎማው ጥርስ በመካከለኛው ሦስት አራተኛ ስፋቱና በዙሪያው ሁሉ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ መኪናው ይወድቃል።

ፍሬን። መኪናው በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ቆሞ የእያንዳንዱ መንኰራኵር የፍሬን ኀይል ይለካል። በአንድ መስመር ካሉት ሁለት መንኰራኵሮች የአንደኛው ኀይል ከሌላው ከ30 በመቶ በላይ ቢያንስ ይወድቃል፤ እንዲህ ያለው መኪና ፍሬን በተያዘ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጐትታልና።

ሞላና የመንኰራኵር መያዣ። የተሰበረ ሞላ፣ የሚያንጠባጥብ አሞርዛተር፣ የላላ ኩሽኔታ፣ የተበላ ጎሚኒ ይፈለጋል።

ዝገት። የመኪናው አካል ሞላ፣ ፍሬን፣ መሪ ወይም የመቀመጫ ቀበቶ ከተያዘበት ስፍራ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ክፉኛ በዝገት ተበልቶ ብርታቱን ያጣ እንደ ሆነ መኪናው ይወድቃል። ከዚያ ርቆ በበር ላይ የሚታይ ዝገት ግን ለዓይን ቢያስጠላ እንኳ ብዙ ጊዜ አያስወድቅም።

ጢስ። ናፍጣ በሚጠጡ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ከ2014 ዓ.ም. ዠምሮ ይህ ማጣሪያ ተነቅሎ የተገኘበት መኪና አያልፍም።

ከእነዚህም ሌላ መብራት፣ ፍሪቻ፣ መስተዋት፣ የዝናብ መጥረጊያና ቀበቶ ይታያሉ።

በግንቦት ወር 2018 ዓ.ም. ጕድለቶቹ በደረጃ ተከፈሉ። አደገኛ የተባለ ጕድለት ያለበት መኪና ሳይጠገን በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለከላል፤ ከባድ የተባለ ጕድለትም ያስወድቃል፤ ቀላል የተባለ ግን ይጻፋል እንጂ አያስወድቅም። ከእነዚህ ሌላ «ዛሬ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ወደ መጥፋት ተቃርቧል» ተብሎ የሚጻፍ ማሳሰቢያ አለ። ለገዢ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ማሳሰቢያ መሆኑን በኋላ እናሳያለን።

በዚያ አገር በቅርብ ዓመታት በመዠመሪያ ምርመራቸው ከ10 መኪናዎች 3 ያህሉ ይወድቃሉ። ብዙ ጊዜም የሚወድቁት በመብራት፣ በሞላና በመንኰራኵር መያዣ፣ በፍሬንና በጎማ ነው። ከእነዚህ አብዛኛዎቹን አንድ ትጉህ ሹፌር በጧት ዞር ብሎ በማየት ሊያውቃቸው ይችል ነበር። ስለዚህ መኪና በመብራት ጕድለት የወደቀ እንደ ሆነ ከመኪናው ክፋት ይልቅ የባለቤቱን ቸልተኝነት ያሳያል።

፫ኛ፤ መርማሪው የማያየው ነገር

ይህን ክፍል አንባቢ በተለይ እንዲያስተውለው ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ምርመራ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ጤንነት አይመረምርም። መርማሪው መኪናውን አይፈታም፤ ከውጭ የሚታየውንና የሚለካውን ብቻ ያያል። ስለዚህ ሞተሩ ዘይት የሚበላ፣ ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት የቀረው መኪና በመልካም ውጤት ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛም ነገር፤ የምርመራው ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ምርመራው ቀን ብቻ ነው። ለአንድ ዓመት ያገለግላል ማለት መኪናው ለአንድ ዓመት ደኅና ይሆናል ማለት አይደለም። ጥርሱ 1.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ዛሬ ያልፋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ከሕግ በታች ነው፤ ወረቀቱ ግን ገና 11 ወር ይቀረዋል። ወረቀቱን ብቻ የሚያምን ሰው በገበያ ቀን የታጠበችውን በቅሎ ከሚያምን ሰው አይለይም።

፬ኛ፤ የብዙ ዓመት መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ

አንዱ ወረቀት ስለ አንድ ቀን ከመሰከረ፤ የብዙ ዓመት ወረቀቶች ተደርድረው ሲነበቡ ግን ስለ መኪናው ጠባይና ስለ ባለቤቱ ጠባይ ይመሰክራሉ። ይህን ለማስረዳት ዕድሜያቸው 7 ዓመት የሆነ ሁለት ትናንሽ ቫኖች በአንድ ዋጋ ለሽያጭ ቀርበዋል እንበል።

የፊተኛው መዝገብ እንዲህ ይላል። በ3ኛው ዓመት፤ 45,000 ኪሎ ሜትር፤ አለፈ። በ4ኛው ዓመት፤ 88,000፤ አለፈ፤ ማሳሰቢያ፦ የፊት ጎማዎች ወደ ማለቅ ተቃርበዋል። በ5ኛው ዓመት፤ 126,000፤ አለፈ፤ ማሳሰቢያ፦ የፊት ጎማዎች ወደ ማለቅ ተቃርበዋል፤ የኋላ መያዣው ጥቂት ልልነት አለው። በ6ኛው ዓመት፤ ምንም የተጻፈ የለም። በ7ኛው ዓመት፤ 97,000፤ አለፈ።

የኋለኛው መዝገብ እንዲህ ይላል። በ3ኛው ዓመት፤ 40,000 ኪሎ ሜትር፤ ስለ አንድ መብራትና ስለ አንድ ጎማ ወደቀ፤ በማግሥቱ አለፈ። በ4ኛው ዓመት፤ 62,000፤ አለፈ፤ ማሳሰቢያ፦ የፊት መያዣው ጎሚኒ ተበልቷል። በ5ኛው ዓመት፤ 83,000፤ አለፈ። በ6ኛው ዓመት፤ 104,000፤ የፊት ቀኝ ሞላ ተሰብሮ ስለ ተገኘ ወደቀ፤ ከ3 ቀን በኋላ አለፈ። በ7ኛው ዓመት፤ 125,000፤ አለፈ፤ ማሳሰቢያ፦ በፍሬን ዘይት ቱቦ ላይ ጥቂት ዝገት ይታያል።

የፊተኛው ሻጭ «የእኔ መኪና አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም፤ የሄደውም ከዚያኛው ያነሰ ነው» ይላል። ቃሉም በወረቀት የተደገፈ ይመስላል። ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ ሦስት ነገር ያገኛል። በመዠመሪያ፤ በ5ኛው ዓመት 126,000 የነበረው በ7ኛው ዓመት 97,000 ሆነ። የርቀት ቈጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ሰው ካልመለሰው ወይም ካልተለወጠ በቀር። ሁለተኛ፤ 6ኛው ዓመት ባዶ ነው። መኪናው ወይ ያለ ምርመራ ሲነዳ ነበር፤ ወይ ቆሞ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የቆመ መኪናም ፍሬኑ ይዝጋል፤ ጎማው ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፤ የጎማው ማሳሰቢያ በሁለት ተከታታይ ዓመት ተጽፏል። ሊያልቅ የተቃረበ ጎማ 38,000 ኪሎ ሜትር አይሄድምና፤ ባለቤቱ ሌላ ገዝቶ እርሱንም እስከ መጨረሻው አስጨርሶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሞተሩንም ዘይት በጊዜው ለውጧል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

የኋለኛው ግን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ነገር ግን ከ3ኛው ዓመት ወዲህ በየዓመቱ የሄደው ከ21,000 እስከ 22,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድም ዓመት አልተዘለለም። የጎሚኒው ማሳሰቢያ በሚቀጥለው ዓመት አልተደገመም፤ ይኸውም ባለቤቱ ሳይገደድ እንዳስጠገነው ያመለክታል። የሞላ መሰበር በዚያ አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን ያዝገዋል፤ የተቦረቦረው መንገድም ይሰብረዋል። ይህም በ3 ቀን ተጠግኗል። ስለዚህ የሚመረጠው የወደቀው እንጂ ያልወደቀው አይደለም። መውደቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ተነግሮ አለመጠገን ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የእንግሊዝ መኪና ርቀቱን የሚቈጥረው በማይል ነው። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፤ 100,000 ማይል ማለት 160,900 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው እጅግ የደከመውን መኪና ገና ጐልማሳ ነው ብሎ ይገዛል።

፭ኛ፤ ስለ አንድ የታወቀ ቫን

የምርመራ መዝገብ የሚጠቅመው የመኪናውን ዓይነት ልዩ ድካም አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ለምሳሌ «ሲትሮኤን ቤርሊንጎ» የሚባለውን ቫን እንውሰድ። ይህ መኪና ወንድሙ ከሆነው ከ«ፔዦ ፓርትነር» ጋር በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1997 ዓ.ም. ሁለቱ የዓመቱ ዓለም አቀፍ ቫን የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ሁለተኛው ትውልድ በ2008 ዓ.ም.፤ ሦስተኛው በ2018 ዓ.ም. ወጣ። የመዠመሪያው ትውልድ 3 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ አለው፤ እንደ ዓይነቱም 600 ወይም 800 ኪሎ ያህል ይጭናል። በአውሮፓ አናጢዎች፣ አትክልት ሻጮችና የገጠር ፖስተኞች ብዙ የተገለገሉበት መኪና ነው።

የመዠመሪያው ትውልድ የታወቀ ድካሙ በኋላ እግሩ ነው። የኋላ መንኰራኵሮቹን የሚይዙት ክንዶች በአንድ አግድም ብረት ውስጥ በቀጫጭን ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራሉ። ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃና ጭቃ ይገባል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል፤ ክንዱ ይላላል። በዚያን ጊዜ ከኋላ ቆሞ የሚመለከት ሰው መንኰራኵሮቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው፣ የጎማውም ውስጠኛ ጠርዝ ከውጪው ይልቅ ተበልቶ ያያል። ይህን ማደስ ብዙ ወጪ ስላለበት፤ በመዝገቡ «የኋላ መያዣ ልልነት» የሚል ቃል የተጻፈበትን ቤርሊንጎ የሚገዛ ሰው የማደሻውን ዋጋ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ይገባዋል።

1.6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላቸው የኋለኞቹ ደግሞ ሌላ ድካም አላቸው። ዘይቱ በጊዜው ያልተለወጠ እንደ ሆነ፤ ጥቀርሻ ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይደፍነዋል፤ ቱርቦውም ዘይት አጥቶ ይሰበራል። አዲስ ቱርቦ ቢገጠምለትም መንገዱ ካልጸዳ ያው ይደገማል። እንዲሁም የሞተሩን ውስጠ ክፍል በልክ የሚያዞረው ቺንጋ ፋብሪካው በወሰነው ዓመት ወይም ርቀት፤ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው፤ ካልተለወጠ ይበጠስና ሞተሩን ይሰብራል። እነዚህን ሁለቱን የዓመቱ ምርመራ አያያቸውም። ምስክራቸው የጋራዡ ደረሰኝ ብቻ ነው። ደረሰኝ የሌለው መኪና በተገኘ ጊዜ ቺንጋው እንዳልተለወጠ ቈጥሮ መገመት ይሻላል።

፮ኛ፤ ለአገራችን የሚሆን ጥቅም

በእንግሊዝ አገር መኪና የሚሄደው በግራ ስለ ሆነ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ ይህን የጻፍነው ከዚያ አገር መኪና አምጡ ለማለት አይደለም፤ መዝገብ የማንበብን ጥበብ ለማስተማር ነው እንጂ።

በአገራችንም ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር በአዋጅ ቍጥር 681/2002 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ተደንግጓል፤ ሕዝቡም የዓመቱን ምልክት «ቦሎ» እያለ ይጠራዋል። ቦሎም እንደ እንግሊዙ ወረቀት ምስክርነቱ ስለ አንድ ቀን ነው። የተቀረውን 364 ቀን የሚመሰክረው ባለ ንብረቱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ስለዚህ በወረዳም ሆነ በእርሻ ቤት ያለ መኪና ሁሉ የራሱ ደብተር እንዲኖረው ያስፈልጋል። በደብተሩም ቀኑ፣ የርቀቱ ቍጥር፣ የታየው ጕድለት፣ የተሠራው ሥራ፣ የገባው ዕቃና የሠራው ሰው ይጻፍ። ደረሰኙም አብሮ ይጠበቅ።

ያገለገለ ቫን የሚገዛም ሰው ይህን ይፈጽም።

1. ያለፉትን ዓመታት የምርመራና የጥገና ወረቀቶች በሙሉ ጠይቆ በዓመት ተራ ይደርድር፤ የርቀቱ ቍጥር በየዓመቱ ማደጉን ይመልከት፤ የጐደለውን ዓመት ምክንያት ይጠይቅ።

2. ሁለት ጊዜ የተጻፈን ጕድለት ለይቶ ያውጣ፤ እንደ ተጠገነም በደረሰኝ ያረጋግጥ።

3. መኪናውን በክሪክ አስነሥቶ በጥሩ መደገፊያ ካስደገፈ በኋላ፤ እያንዳንዱን መንኰራኵር ከላይና ከታች ይዞ ይነቅንቅ፤ ልልነትም እንዳለ ያስተውል።

4. ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ራሱ ያስነሣ። ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ብዙ ነገር ይሸሽጋል።

5. ከአዋቂ ሹፌር ጋር ሆኖ፤ ሊጭነው ካሰበው ጭነት ከፊሉን ጭኖ፤ አቀበትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ይሞክር። ባዶውን በሜዳ ላይ የተሞከረ መኪና ገና አልተሞከረም።

6. ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ቀብድ አይስጥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

መደምደሚያ

በመጨረሻ ለሹማምንት አንድ ቃል እንጨምራለን። የእንግሊዙ መዝገብ የሚታመነው ውድቀትም እንደ ማለፍ ሁሉ ስለሚጻፍበት ነው። ሹፌሩ «ፍሬኑ ላልቷል» ብሎ ባመለከተ ጊዜ ተቈጥቶ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚል አለቃ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምንም አይሰማም። ደብተሩም «ደኅና ነው» በሚል ቃል ይሞላል፤ መኪናው ግን በቁልቁለት ላይ እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ ጕድለቱን ቀድሞ የነገረ ሹፌር ይመስገን፤ የሸሸገ ግን ይጠየቅ። የተጻፈ ጕድለት በጥቂት ገንዘብ ይጠገናል፤ የተሸሸገ ጕድለት ግን ንብረትንና ነፍስን ያስከፍላል።